ለልጄ የተሰጠች ባዝራ

ልጄ ፈረስ ያማራት ጁባ ውስጥ፣ ሸሪካት ከሚባለው ሰፈር ልቅሶ ደርሰን ስንመለስ ነው። ድልድዩ ጋ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆመናል። እኔ በሙቀቱ ተማርሬያለሁ፣ እሷ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋለች። በዚህ መሃል አንድ ሽማግሌ ነጭ ፈረስ ላይ ተቀምጠው በመኪኖቹ መካከል ቀስ ብለው አለፉ። ጥሩምባ የነፋባቸው የለም። ለአምቡላንስ እንኳ የማይለቁት የቦዳ፣ የሞተር ታክሲ፣ ነጂዎች ሞተራቸውን ወደ ዳር እየሳቡ አሳለፏቸው።

«ማሚ፣ እኔም» አለች።

«አንቺም ምን?»

«እኔም እንደሳቸው።»

ስድስት ዓመቷ ነበር። የልጅ አምሮት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ብስክሌት ተብሎ ተለቅሶ፣ ብስክሌቱ ዝናብ እየመታው ይዝጋል። ድመት ተብሎ፣ ድመቷን የምቀልበው እኔ ሆኜ እቀራለሁ። ይሄኛው ግን አልወጣላትም። የሶፋው ክንድ ላይ ፎጣ አንጥፋ ትጋልባለች። ትምህርት ቤት የምትስለው ሥዕል ቤትም ይሁን ቤተ ክርስቲያን፣ ጥጉ ላይ አራት እግር ያለው ነገር አይጠፋም። አባቷ ሰሜን፣ ነዳጅ ማውጫው ላይ ስለሚሠራ በወራት አንዴ ነው የሚመጣው። በስልክ «ምን ይዤልሽ ልምጣ?» ይላታል። «ፈረስ» ትለዋለች። እሱም «እስቲ እናትሽን አገናኚኝ» ይላል።

ነገሩን ለወንድሜ የነገርኩት እየሳቅኩ ነው።

ወንድሜ ስል ከአንድ ማህፀን አልወጣንም። ወላጆቼን በስደት መንገድ ላይ ያጣኋቸው በማላስታውሰው ዕድሜ ነው። አብራን ትሸሽ የነበረች አንዲት የአገራችን የደቡብ ሱዳን ሴት አንስታ ከልጇ ጋር አሳደገችኝ። እማዬ የምላት እሷን ነው። ደብረ ዘይት ባንድ ክፍል ቤት፣ ባንድ ፍራሽ ላይ፣ እሷ መሃል እኛ ግራና ቀኝ ተኝተን አደግን። እሱ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ጋሪ ኋላ ላይ እንንጠለጠል ነበር። ባለጋሪው ሲነቃብን ጅራፉን ዞር ሳይል ወደ ኋላ ይወረውራል፤ ወንድሜ ታዲያ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀበልልኛል። በመልኬ የሰደበኝ ልጅ ካለ፣ ማታ ሸሚዙ ተቀዶ የሚገባው እሱ ነው። እማዬ ስትሞት የቀበርናት ሁለታችን ነን። ወደ ጁባም ቀድሞኝ የተመለሰው እሱ ነው። እኔ ባሌንና ልጄን ይዤ ስመጣ አውሮፕላን ማረፊያ ጠብቆ ተቀበለን፤ ጀበል ኩጁር ኮረብታ ግርጌ ያለውን ቤታችንንም ያገኘልን እሱ ነው። አገሬ ነው ተብዬ የመጣሁበትን፣ ግን አንድም ሰው የማላውቅበትን ከተማ፣ መንገዱንም ሰዉንም ያሳወቀኝ እሱ ነው።

ያኔ የሚነግደው እንስሳ ነበር። መጀመሪያ በሬና ፍየል፣ በኋላ ደግሞ ከሱዳኑ ጦርነት የሸሹ ሰዎች በየመንገዱ እየሸጡ ያለፏቸውን ፈረሶች እየገዛ ያመጣ ጀመር። የልጄን ነገር ስነግረው እጁን አጨበጨበ።

«አጎቷ ፈረስ ነጋዴ ሆኖ የእህቴ ልጅ ሶፋ ትጋልብ? ለኔ ተዪው።»

«ቆይ፣ ፈረስ መጫወቻ አይደለም» አልኩት።

«አንቺ ደግሞ! ጋሪ ኋላ ላይ ያደግሽ ሰው።»

እኔ ግን ዝም ብዬ አልተነሳሁም። የምሠራበት ቢሮ ውስጥ አንዲት የእንስሳት ሐኪም አለች፤ ካርቱም የተማረች፣ በእንግሊዝኛና በጁባ ዓረብኛ እየቀላቀልን የምናወራ ጓደኛዬ ናት። ለልጅ የመጀመሪያ ፈረስ እንዴት ይመረጣል ብዬ ጠየቅኳት። ምሳዋን ትታ በቁም ነገር አስረዳችኝ።

«ቁንጅናውን አትዪ» አለችኝ። «ያረጀና ዓለም የሰለቸው ይሁን። ልጅቷም ጀማሪ ፈረሱም ጀማሪ ከሆኑ አይሆንም። ድንጉላ አትያዢ፤ ባዝራ ወይ የተኮላሸ ይሁን። አጭር ይሁን፣ ብትወድቅ እንኳ ከቅርብ ትውደቅ። ደግሞ ተጭኖ ተዘጋጅቶ ሲጠብቅሽ ብቻ አትዪው። ከበረቱ ሲያዝ፣ ልጓም ሲገባለት፣ ኮርቻ ሲጫን እዪው። ሰው ሳይጠብቅሽ ሂጂ። ከልጅሽ በፊት የተቀመጡበትን ልጆች ጠይቂ።»

ይህን ሁሉ ለወንድሜ አንድ በአንድ ነገርኩት። ሳቀብኝ።

«ፈረስ ልትገዢ ነው ወይስ ልታገቢ?»

እኔም ሳቅኩ። ከዚያ «ስትመጪ ግን ደውይልኝ፣ ውሾቹ አያውቁሽም» አለኝ። በረቱ ከኮረብታው ኋላ ነው፤ ውሾቹም እውነትም ክፉ ናቸው። ስለዚህ በሄድኩ ቁጥር እየደወልኩ ሄድኩ። ሳይጠብቀኝ ድንገት መሄድ ያለብኝ ከባዕድ ስገዛ እንጂ ከወንድሜ ጋር መስሎ አልታየኝም።

መጀመሪያ ያሳየኝን ሁለት ፈረስ አልወደድኩም። አንዱ ሰው በቀረበው ቁጥር ጆሮውን ወደ ኋላ ያጣብቃል፤ ሌላው ገና የሁለት ዓመት ውርንጭላ ነው። ወንድሜ አልተከፋም። «ልክ ነሽ፣ ለሕፃን አይሆኑም» አለ። ለመጥፎዎቹ መጥፎ ናቸው ስላለኝ፣ ጥሩ ናት ያለኝን ለማመን ይበልጥ ቀለለኝ። ይህን አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

በሌላ ጊዜ ስንሄድ ባዝራዋን አሳየን። ዳማ ናት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ነቁጥ አለባት፣ ጀርባዋ ደረቴን አያልፍም። ልጄ ገና ስታያት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እሷ ናት» አለች፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደሚወራ ዓይነት።

እኔ ግን ፈተናዬን ጀመርኩ። በሆዷ ስር እጄን አሳለፍኩ። የኋላ እግሯን አነሳሁ። ጃንጥላ አፍንጫዋ ስር ድንገት ከፈትኩ። ዓይኗን አላርገበገበችም። ይዞን የመጣውን የቦዳ ነጂ ጠርቼ ሞተሩን አጠገቧ አስነሳሁት፤ ሞተሩ አጉረመረመ፣ ጭስ ለቀቀ፣ እሷ የታችኛው ከንፈሯን ጥላ፣ አንገቷን ደፍታ እንደቆመች ቆመች። ልጄ እግሯን አቀፈቻት።

«ተኝታለች እንዴ?» አልኩ።

«አርጅታ ነው። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። አሮጊት ይሁን ያልሽው አንቺ አይደለሽም?»

«ማን ነበር የሚቀመጥባት?»

«ሸሪካት ያሉ የኛ የኢትዮጵያ ሰዎች፣ ጅምላ አከፋፋዩ የለም? የሱ ልጆች። ሁለት ዓመት ጋለቧት። አሁን ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ካምፓላ ገባ፣ ለኔ ተዉልኝ።»

«ልጅ ጥላ አታውቅም?»

ወንድሜ ወደኔ ዞረ። ሳቁን ትቶ ነበር።

«በእማዬ አፅም፣ ጥላ አታውቅም።»

ከዚህ በላይ ምን እጠይቃለሁ? የእማዬን አፅም ጠርቶ የሚዋሽ ሰው በዓለም ላይ ካለ፣ እሱ አይደለም ብዬ ነው ያደግኩት።

ዋጋዋን ስጠይቀው ተቆጣ። «አታፍሪም? ለእህቴ ልጅ ነው የምሰጣት» አለ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ወሬው ቀድሞን ደረሰ። ሴቶቹ እጄን እየያዙ ወንድም ማለት እንዲህ ነው አሉኝ። እሱ ትንሽ ራቅ ብሎ ከወንዶቹ ጋር ቆሞ ነበር፤ አንገቱን ደፍቶ፣ የተመሰገነ ሰው እንደሚያደርገው። ባሌም በስልክ አመሰገነው። ባዝራዋ ግቢያችን በገባች ዕለት ልጄ ከአጠገቧ ካልተኛሁ ብላ ስታለቅስ ዋለች።

መጀመሪያ አካባቢ ሁሉም ነገር ደህና ነበር። ወንድሜ በየጠዋቱ እኔ ለሥራ ሳልነሳ መጥቶ እፍኝ ማሽላ ይሰጣታል፣ ያብሳታል፣ ያወራታል። ከሥራ ስመለስ ልጄን አስቀምጬ ገመዷን እየሳብኩ ግቢውን እንዞራለን። ልጄ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ ነበር የምትቀመጠው፤ ፊቷ ላይ ያየሁትን ኩራት እስከዛሬ አልረሳሁትም። አንዴ ከላይ ሆና «ማሚ፣ ከዚህ ሲታይ ታጥሪያለሽ» አለችኝ።

ከዚያ ወንድሜ ለንግድ ወደ ቶሪት መንገድ ወጣ። በሄደ በማግሥቱ ባዝራዋ ሌላ ሆነች። ልይዛት ስጠጋ ጀርባዋን ሰጠችኝ። አንገቷ ተነሳ፣ ዓይኗ ተከፈተ፣ ጎረቤት በር በተንኳኳ ቁጥር ቆዳዋ ይርገበገባል። ልጄ «ነቃች» አለች ደስ ብሏት። እኔ ግን ደስ አላለኝም። ደወልኩለት።

«ባዝራዋ ጠባይዋ ተለውጧል» አልኩት።

«ናፍቄያት ነው» ብሎ ሳቀ።

«አትሳቅ። እስክትመለስ ልጄን ባላስቀምጣት አይሻልም?»

ትንሽ ዝም አለ። መንገድ ላይ ስለነበር የመኪናው ድምፅ ይሰማኛል። ያንን ዝምታ በኋላ ስንት ጊዜ መልሼ ሰማሁት!

«ኧረ ምንም አትሆንም» አለ። «ካልተቀመጡባት እንዲያውም ትበላሻለች። ገመዱን ያዝ አድርጊና አስቀምጫት። ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም።»

ቅዳሜ ጠዋት አስቀመጥኳት። ጋማዋን ይዛለች፣ እኔ ገመዱን ይዣለሁ፤ እጄ ላይ ጠምጥሜዋለሁ። አንድ ዙር ዞርን። ሁለተኛውን ስንጀምር ከአጥሩ ውጪ ቦዳ ተነሳ፤ ማንኛውም ቦዳ፣ ቀኑን ሙሉ የሚያልፍ ዓይነት። ባዝራዋ ዘለለች። ሁለት የፊት እግሯ ሲነሳ አየሁ፣ ከዚያ ገመዱ መዳፌን ልጦ ከእጄ ወጣ። ልጄ ጋማውን ይዛ አጥሩ ድረስ ሄደች። አጥሩ ጋ ስትደርስ ባዝራዋ ታጠፈች፣ ልጄ ግን ቀጥ ብላ ሄደች።

አላለቀሰችም። ይሄ ነው ያስፈራኝ። ስደርስ አጥሩ ስር ካለው ድንጋይ አጠገብ ተጋድማ ሰማይ ሰማይ ታያለች፤ ግራ ክንዷ መታጠፍ በሌለበት ቦታ ታጥፏል። «ማሚ፣ ለምን?» አለችኝ። ለምን ያለችው ባዝራዋን ይሁን እኔን አላወቅኩም። አንስቼ መኪና ውስጥ አስገባኋት። ሆስፒታል እስክንደርስ የነዳሁትን መንገድ ዛሬ ንገሪን ብትሉኝ አላውቀውም። ክንዷ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ሐኪሙ ጭንቅላቷን ደጋግሞ አየና «አምላክ አትርፏታል» አለኝ።

ወንድሜ መንገዱን አቋርጦ በዚያው ቀን ተመለሰ። አልጋዋ አጠገብ ተንበርክኮ እንደ ሴት አለቀሰ። ነርሷ ሳትቀር አዘነችለት። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እኔ ነኝ ያመጣኋት» ይላል። እኔ፣ ልጄ ተሰብራ የተኛችብኝ እኔ፣ ትከሻውን ይዤ ያባበልኩት እኔ ነኝ። «አንተ ምን ታደርግ፣ እንስሳ ነው» አልኩት። ልጄም «አይዞህ» እያለች በደህና እጇ ፀጉሩን ዳሰሰችው።

ሐኪሟ ጓደኛዬ ነገሩን ስትሰማ ባዝራዋን ለማየት ቤት መጣች። ብዙ ጊዜ ወሰደባት፤ እንስሳዋ አታስጠጋም። በመጨረሻ አንገቷን ዳበሰች፣ ፀጉሯን በጣቷ ገለጥ ገለጥ አደረገች፣ ከዚያ አፏን ከፍታ አየች።

«ስንት ዓመቷ ነው ያሉሽ?»

«አሥራ አምስት።»

«ስድስትም አልሞላት። ማን ነው መርፌ የሚወጋት?»

«መርፌ? ማንም።»

እጄን ይዛ የባዝራዋ አንገት ላይ አስቀመጠችው። ከፀጉሩ ስር ጥቃቅን እብጠቶች ነበሩ፤ ገሚሱ የደረቀ፣ ገሚሱ ገና ትኩስ።

«አንድ ሰው በየጊዜው ማደንዘዣ ይወጋታል» አለች። «ቁስል ስንሰፋ እንዳይራገጡ የምንሰጠው ነው። ከንፈር ይጥላል፣ አንገት ያስደፋል። ቦምብ ቢፈነዳ አይሰሙም። ስታያት እንዲህ አልነበረችም?»

እንዲያ ነበረች።

ለማመን ግን አልፈለግኩም። ሌሊቱን... አይ፣ እውነቱን ልናገር፤ ሌሊቱን ሙሉ ተኛሁ። ምክንያት ስላገኘሁ ነው የተኛሁት። እሱንም አታለውት ነው አልኩ። ያ የሸሪካት ቤተሰብ ሲሄድ አደንዝዞ አስረክቦት ነው፤ ወንድሜ የዋህ ነው፤ በየጠዋቱ የሚሰጣት ማሽላ ብቻ ነው። ትኩሶቹን እብጠቶች ሳስብ ደግሞ ቶሎ ሌላ ነገር አስባለሁ። ሸሪካት የሄድኩት እሱን ነፃ ላወጣ ነው። ጎረቤቶቻቸውን የካምፓላ ስልካቸውን ጠይቄ፣ ደውዬ፣ ልሰድባቸው።

የጅምላ አከፋፋዩን ቤት የማያውቅ የለም፤ ሁለት ሰው ጠይቄ አገኘሁት። በሩን የከፈተችልኝ ሂጃብ የለበሰች፣ በኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። በአማርኛ ሰላም ስላት ፊቷ በራ።

«ግቢ፣ ግቢ፣ ውጪ አትቁሚ።»

«እዚህ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ፈልጌ ነው» አልኳት። «ካምፓላ የሄዱት።»

«እዚህ የምንኖረው እኛ ነን፣ እህቴ። ስምንት ዓመታችን ነው። ካምፓላ ማን ሄደ?»

ከኋላዋ አንድ ስምንት ዓመት የሚሆነው ልጅ ኳስ ይዞ ብቅ አለ። ከላይኛው ከንፈሩ እስከ አፍንጫው የሚወጣ ጠባሳ አለበት፤ ስፌቱ ገና ሮዝ ነው። ፈገግ ሲልልኝ የፊት ጥርሶቹ እንደሌሉ አየሁ። ያ ፈገግታ ሁሉን ነገረኝ፤ ቢሆንም ጠየቅኩ።

«ባዝራ ነበረቻችሁ? ዳማ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት?»

ሴትዮዋ ልጇን ወደ ውስጥ ግባ አለችው። ከዚያ በሩን ይዛ አየችኝ።

«አንቺ እህቱ ነሽ? የፈረስ ነጋዴው?»

«አዎ።»

«እንኳን መጣሽ። እንዴት ሆነችልሽ? ለጋሪ ተገራችልሽ?»

«ለጋሪ?»

«ወንድምሽ እኮ እንዲያ ነው ያለን። ሲያመጣልን እንደ በግ ነበረች። ሳምንት ሳይቆይ ልጄን ጥላ ፊቱን በሰኮናዋ መታችው። ባለቤቴ ትወገድ አለ። ወንድምሽ ነው የለመነው፤ እህቴ ፈረስ ታውቃለች፣ ጋሪ መሃል ነው ያደገችው፣ እሷ ጋ ልውሰዳት፣ ለሥራ ትገራታለች ብሎ። ባለቤቴም አዝኖለት፣ ደንበኛውም ስለሆነ ...» ፊቴን አይታ አቋረጠች። «ምን ሆነሻል?»

«ለልጄ ነው የሰጣት» አልኩ። «የስድስት ዓመት ልጄ። ሆስፒታል ናት።»

አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ አቅፋ ወደ ውስጥ አስገባችኝ፣ ወንበር ሰጠችኝ፣ ውሃ ሰጠችኝ። ስለማላውቃት ሴት ደግነት ስናገር ሁልጊዜ የማነሳው እሷን ነው፤ እኔ ሳለቅስ አብራኝ አለቀሰች፣ ሦስት ጊዜም «ለልጅሽ መሆኑን ብናውቅ፣ ወላሂ፣ ብናውቅ» አለችኝ። እነሱ ላይ አልፈረድኩም፤ የሚፈረድባቸውም አልነበሩም።

ከዚያ በቀጥታ ማላኪያ ገበያ ሄድኩ። ወንድሜ ከቀትር በኋላ የሚቀመጥበት የአንድ ጓደኛው ሱቅ አለ፤ ደጃፉ ላይ ሻይ ይጠጣሉ። ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሳ።

«ልጅቷ እንዴት ናት?»

«ሸሪካት ነበርኩ» አልኩት። «ልጁን አየሁት።»

ጓደኛው ነገሩ ቀና እንዳልሆነ አይቶ ወደ ሱቁ ውስጥ ገባ። ወንድሜ ግን ምንም አልተለወጠም። ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም። ሌላ ልጅ ጥላ እንደነበር ታውቅ ነበር?»

«ስሚኝ፣ እህቴ ...»

«አዎ ወይ አይ በለኝ።»

«አውቅ ነበር። ግን እየገራኋት ነበር። በየቀኑ ስመጣ አላየሽም? ቀስ በቀስ መድኃኒቱን እየቀነስኩ፣ እንድትለምዳችሁ ... አንቺ ደግሞ ፈረስ ትችያለሽ፣ እንደ ሌላው ሰው አይደለሽም። ካንቺ ጋር ትስተካከላለች ብዬ ነው።»

«በልጄ ላይ?»

«መቼ እንዲህ ይሆናል ብዬ?»

«ስደውልልህ ላስቀምጣት ወይ አልኩህ። አስቀምጫት አልከኝ።»

የሻይ ብርጭቆውን በጣቱ አዞረ።

«መድኃኒቱ እንዳለቀላት ታውቃለህ። ለምን ተዪ አላልከኝም? ሌላ ነገር መናገር አይጠበቅብህም። ተዪ ብቻ።»

«ተዪ ብልሽ ለምን ትዪኛለሽ። ምን ብዬ እመልሳለሁ?»

ይህንን ሲል ድምፁ የተናደደ ሰው ድምፅ ነበር፤ ያስቸገርኩት እኔ የሆንኩ ያህል። ስህተት ቢሆን፣ ስግብግብነት ቢሆን፣ እንዴትም አድርጌ ቦታ እፈልግለት ነበር። የልጄን አንገት ካንዲት አሳፋሪ ጥያቄ ጋር መዝኖ፣ ጥያቄዋ ከበደችው።

«በእማዬ አፅም ብለህ ማልክልኝ» አልኩ። ድምፄ እንደ ልጅ ቀጠነብኝ።

ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

«እማዬ ሞታለች» አለ። «አፅም ምን ያደርጋል?»

ትቼው ወደ ልጄ ሄድኩ።

በማግሥቱ ባዝራዋን እንዲወስዱ ሁለት ሠራተኞች ላከ። አልሰጥም አልኩ። ነገ ደግሞ አደንዝዞ የማን ልጅ ስር ሊያቆማት ነው? ጓደኛዬ ሐኪሟ ከከተማ ውጪ እርሻ ያላቸውን አንድ ቤተሰብ አገናኘችኝ፤ ልጆች የላቸውም፣ ሁሉን ነግሬያቸው ወሰዷት። መኪና ላይ ስትጫን ለኔም ለሷም አዘንኩ። እሷ ያላደረገችው ነገር ቢኖር መዋሸት ነው።

ከወር በኋላ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ይዘውት መጡ። ግቢ ውስጥ ጥላ ስር ወንበር አወጣሁ፣ ውሃ አቀረብኩ። እሱ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ትልቁ ሽማግሌ ስለ ይቅርታ ረጅም ነገር ተናገሩ፤ ክፉ ሰው አይደሉም፣ የሚያምር ነገር ነው የተናገሩት። ሲጨርሱ የሆነውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው፤ የስልኩንም ጭምር። ሲመጡ ስለ ስልኩ የሰሙት ነገር እንደሌለ ፊታቸው ላይ አየሁ። ትልቁ ሽማግሌ ወደ እሱ ዞረው «እውነት ነው?» አሉት። መሬት መሬት እያየ «እህቴ ተቆጥታ ነው» አለ። ሽማግሌው ውሃቸውን ጨረሱና «ዛሬ አይሆንም፣ እንሂድ» ብለው ተነሱ። ለዚህች አንዲት ቃላቸው አሁንም አመሰግናቸዋለሁ።

ሰው ሁሉ «እህትና ወንድም ይጣላል፣ ይታረቃል» ይለኛል። የተጣላን ቢሆን እኮ ታርቀን ነበር። የሚያስቸግረኝ ወደ ኋላ የሚሄደው ነገር ነው። የልጅነቴ ምስክር እሱ ብቻ ነው። እማዬ ስትስቅ ምን ትመስል እንደነበር፣ የዚያ ቤት ግድግዳ ቀለሙ ምን እንደነበር የምጠይቀው ሌላ ሰው የለኝም። አሁን አንድ ደግ ነገር ባስታወስኩ ቁጥር፣ ያኔስ እውነት ነበር ወይ እላለሁ። ይህን የወሰደብኝን የትኛውም ሽማግሌ አይመልስልኝም።

የልጄ ክንድ ድኗል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይዘረጋም። ፈረስ አታነሳም፣ እኔም አላነሳባትም። አጎቷን ግን ብዙ ጊዜ ታነሳ ነበር፤ መቼ ነው የሚመጣው እያለች። ሥራ በዛበት እያልኩ ቆየሁና፣ አንድ ቀን ፀጉሯን ስሠራት ከእንግዲህ እኔም ልዋሻት ነው ወይ ብዬ ነገርኳት። በልጅ ቋንቋ፣ ሳላከር፤ ባዝራዋ ሌላ ልጅ ጥላ እንደነበር አጎትሽ ያውቅ ነበር፣ ግን አልነገረንም አልኳት።

አንዱን ሹሩባ ጨርሼ ሌላውን ጀመርኩ።

«ሆስፒታል ሲያለቅስም ያውቅ ነበር?» አለችኝ።

«አዎ።»

«እኔ እኮ አይዞህ አልኩት።»

«እኔም ብዬዋለሁ» አልኳት።

ራሷን ወደ ጉልበቴ ደገፍ አደረገችና፣ ሹሩባውን እንድጨርስላት ሳትንቀሳቀስ ተቀመጠች።